የአንጋፋ ወታደር ስምና የስሙ ዕዳ

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ጋር ተጭኖ ይመጣል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ የጣቢያው ስም አብሮ ደረሰና ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ያሉትን እኛ «ለገሀር» አልነው። ቴሌፎንም እንዲሁ ስሙን ይዞ ገባ። «ቬተራን» የሚለው ቃል ግን ከነዚህ የተለየ ነው። እርሱ ወደ አማርኛችን በገባ ጊዜ ባለቤቱ፣ ማለትም በጦር ሜዳ ያረጀው ሰው፣ አስቀድሞ በየቀዬው ተቀምጦ ነበር። ስሙም አልጠፋም፤ ዘማች፣ አርበኛ፣ ነባር፣ አንጋፋ፣ ጡረተኛ እየተባለ ይጠራ ነበር። ሰውየው ሳይጎድለን፣ ስሙም ሳይቸግረን፣ የፈረንሳዩን ቃል ለምን አስገባነው?

ዛሬ ቃሉን ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከጦር ሠፈር ሳይሆን ከኳስ ሜዳ ነው። በወጣትነታቸው የተጫወቱ ጐልማሶች በዕረፍት ቀን ማለዳ ተሰብስበው ሲራወጡ «የቬተራን ቡድን» ይባላሉ። ጋዜጦቻችንም ለረጅም ዘመን የሠራን ጋዜጠኛ ወይም ከያኒ «አንጋፋ» ሲሉ በልባቸው የሚተረጕሙት ይህንኑ ቃል ነው። ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባብያንን ጊዜ ባልወሰድንም። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠን የሰው ስም በመዝገብ የምንጽፍ ሰዎች እንደምናውቀው አንድ ሽማግሌ በአንዱ ዓምድ ሥር ሲጻፍ የሚያገኘው፣ በሌላው ዓምድ ሥር ሲጻፍ ይቀርበታል። ስለዚህ ጥያቄያችን እንዲህ የሚል ነው፤ ከጦርነት ለተመለሰ ሰው ስም ስናወጣለት እናመሰግነዋለን ወይስ ዕዳ እንዳለብን እናምንለታለን?

በመጀመሪያ የቃሉን ትውልድ እንመልከት። ምንጩ በላቲን «ቬቱስ» የተባለው ቃል ሲሆን ትርጕሙ አሮጌ፣ የቈየ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ሽማግሌን «ቪዩ» የሚሉትም ከዚሁ ከዘሩ ነው። ሮማውያን «ቬቴራኑስ» ሲሉ ግን ማንኛውንም ሽማግሌ ማለታቸው አልነበረም፤ የተወሰነለትን የአገልግሎት ዘመን ፈጽሞ ከጦሩ የተሰናበተውን ወታደር ነበር እንጂ። ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ በ5 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የሌጌዎኑን ወታደር ዘመን 20 ዓመት አድርጎ ሲወስን፣ ሲሰናበት የሚሰጠውን ገንዘብ 12,000 ሴስቴርቲዩስ አደረገው። በማግሥቱ ዓመትም ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የሚሆን ግምጃ ቤት አቋቁሞ ከውርስና ከሐራጅ ሽያጭ ላይ ግብር ጣለለት። እንግዲህ ቃሉ ከልደቱ ጀምሮ የሒሳብ ቃል ነበረ ለማለት ይቻላል። ቬቴራኑስ ማለት የሚከፈለው ሰው ማለት ነው።

ሒሳቡ ግን በወረቀት ላይ እንደሚያምረው አልሆነም። ታሪክ ጸሐፊው ታኪቱስ እንደሚነግረን በ14 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. አውግስጦስ በሞተ ጊዜ በዳንዩብና በራይን ወንዞች ዳር የነበሩት ጦሮች አመፁ። ክሳቸው ዘመናችንን ፈጽመን ሳለ አልተሰናበትንም፣ የተሰናበትነውም መሬት ተብሎ የሚሰጠን ረግረግና ጭንጫ ተራራ ነው የሚል ነበር። አንዳንዶቹ ሽማግሎች የአዛዡን እጅ የሚስሙ መስለው ጣቱን ወደ አፋቸው አስገብተው ጥርስ የሌለውን ድዳቸውን አስዳሰሱት። ስለ ጡረታ ከተጻፈው ሁሉ እንዲህ ያለ ማመልከቻ አላነበብንም።

በፈረንሳይኛ ቃሉ የተለመደው በ16ኛው ምእተ ዓመት ነው። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1670 ባወጣው ትእዛዝ ለቈሰሉና ለአረጁ ወታደሮች «አንቫሊድ» የተባለውን ታላቅ ቤት በፓሪስ አሠራ። የልጅ ልጁ ልጅ ሉዊ 15ኛም እ.ኤ.አ. በ1771 ሃያ አራት ዓመት ላገለገለ ወታደር ሁለት ሰይፍ የተመሳቀለበት ምልክት በደረቱ ላይ እንዲሰፋ ፈቀደ። አንዱ ዳቦ ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው። ለአስተማሪዎችና ለተማሪዎች ደስ የሚል አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እንጨምር። በቀድሞው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት «ቬተራን» የሚባለው አንድን ክፍል የሚደግም ተማሪ ነበር! እንግዲህ ቃሉ በአንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ መቀመጥን እንጂ በዚያ ቦታ ምን እንደ ተሠራ አይነግረንም። ድክመቱም እዚህ ላይ ነው። የቆይታን መጠን ይቈጥራል፤ ሥራውን አይመረምርም።

ወደ እኛ ቋንቋ ስንመለስ የምናገኘው ሀብት የበለጠ ነው። «ነባር» ከነበረ የወጣ ስለ ሆነ ከቬተራን ጋር ይቀራረባል፤ እርሱም መኖርን እንጂ ሥራን አይናገርም። «አንጋፋ» የመጀመሪያው ልጅ ነው። በአገራችን አንጋፋ ልጅ በታናናሾቹ ዘንድ ክብር ቢኖረውም ሸክሙ ከክብሩ ይበልጣል፤ አባት ሲሞት የቤቱ ጣጣ የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነውና። «ዘማች» ሥራውን በግልጽ ይናገራል፤ ዘመተ ማለት ነው። ሆኖም የዘመቻው ዓይነት ሲለወጥ ስሙም አብሮ ይለወጣል። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ጠመኔና መጽሐፍ ይዘው ወደ ገጠር የወረዱት ተማሪዎችና መምህራንም ዘማች ተብለዋል፤ ከነርሱ ብዙዎቹ ዛሬም «እኔ ዘማች ነበርሁ» ሲሉ ድምፃቸው ይሞቃል።

«አርበኛ» ግን ከሁሉ የከበደ ስም ነው። ከጠላት ወረራ በፊትም ጀግና ተዋጊ የሚጠራበት ቃል ሲሆን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት አምስት ዓመታት ትርጕሙ ጠበበና ጠነከረ፤ ንጉሡም መንግሥቱም በሌሉበት፣ ደመወዝና ስንቅ ሳይቈረጥለት፣ በጫካና በገደል ሆኖ ጠላትን የተዋጋው ሰው ስም ሆነ። በከተማ ሆኖ ጥይትና ወሬ ያቀበለውም ሳይዘነጋ «የውስጥ አርበኛ» ተባለ። በዚህ ስም ውስጥ ስለ ዕድሜ የሚናገር አንዳች የለም። በሃያ ዓመቱ የሞተም አርበኛ ነው። «ቬተራን» ለመባል መትረፍ ያስፈልጋል፤ «አርበኛ» ለመባል አያስፈልግም።

የእነዚህ ስሞች ክብደት በአንድ አገር ላይ እንዴት እንዳረፈ ለማየት ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን እንውሰድ። ከጉና ተራራ ሥር ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ይህ አገር በዛሬው አከፋፈል የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ሲሆን በቀድሞው ደግሞ በበጌምድር ውስጥ ነበር። ነፋስ መውጫ ላይ የቆመ ሰው ስሙ ለምን እንደ ተሰጠ ማስረጃ አይጠይቅም። ከደብረ ታቦር ወደ ላስታና ወደ ወሎ የሚሄድ ጦር ሁሉ የሚያልፈው በዚህ ነው። ስለዚህ የዚህ አገር ገበሬ ወታደርን ያወቀው በሁለት መልኩ ነው፤ አንድም ልጁ ሆኖ፣ አንድም እንግዳው ሆኖ። «ወታደር» የሚለውን ስም ሕዝቡ «ወጥቶ አደር» ብሎ ይፈታዋል። ከቤቱ ወጥቶ የሚያድር ሰው የሚያድረው በማን ቤት ነው? በገበሬው ቤት ነዋ! የሚበላውም የገበሬውን እህል ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን በደል ዐውቀው ወታደሩ በደመወዝ እንዲኖር፣ ገበሬውም በሰላም እንዲያርስ ማሰባቸው የተመሰገነ ነው። ይሁን እንጂ በዘመናቸው መጨረሻ ከማናቸውም አገር ይልቅ የተጐዳው በጌምድር ሆነ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደብረ ታቦርን ትተው፣ በጋፋት ያሠሩትን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ መንገዱ በጋይንት በኩል ነበረ። ወራት በፈጀው በዚያ ጉዞ ዐለቱን የፈለጡት፣ ገደሉን የደለደሉት፣ ገመዱን የሳቡት ወታደሮች ናቸው። ያ ሠራዊት ሲፈርስ ከመቅደላ ወደ ቤቱ የተመለሰው ወታደር በመንደሩ ምን ተብሎ እንደ ተጠራ ስናስብ ነገሩ ቀላል አይሆንልንም። ለጎረቤቱ እርሱ የንጉሡ ጀግና ነው፤ ደግሞም ትናንት ጎተራ የገለበጠ ሰው ነው። አንዱ ስም ሌላውን አይሽረውም።

በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በዓንጭም ሜዳ የሆነውም እንዲሁ ነው። የበጌምድር ገዥ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተጣልተው ሲዋጉ ወደቁ። በዚያ ቀን በጦሩ ላይ የበረረውን አይሮፕላን የነዳው ፈረንሳዊ ሰው ስለ ነበረ የበጌምድር ገበሬ ከፈረንሳዮች ጋር የተዋወቀው በቋንቋቸው ሳይሆን በአይሮፕላናቸው ነው ብንል ነቀፌታ አይሆንብንም። ራስ ጉግሣን የተከተለው ወታደር ከዚያ ቀን በኋላ ዐመፀኛ ተባለ። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ግን ያው ሰው በራስ ካሣ ኃይሉ አዝማችነት ወደ ሰሜን ዘመተና በጥርና በየካቲት 1928 ዓ.ም. በተንቤን ከመርዝ ጋዝና ከቦምብ ጋር ተጋፈጠ። ከዚያ የተረፈው ወደ አገሩ ገብቶ ጥቂት ካረፈ በኋላ ጫካ ገባና አርበኛ ሆነ። በ1933 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ የደብረ ታቦር የጠላት ጦር እጁን ሲሰጥ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ቍልቋል በር ሲወድቅና ጎንደር ነጻ ስትወጣ የበጌምድር አርበኞች በዚያ ነበሩ። እንግዲህ ዐመፀኛ፣ ዘማች፣ አርበኛ የሚሉት ሦስት ስሞች በአንድ ሰው ትከሻ ላይ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ተፈራርቀዋል። ትከሻው አልተለወጠም፤ ጠመንጃውም ምናልባት ያው ነው። የተለወጠው ስም አውጪው ነው።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ለአርበኛው የአርበኝነት ሜዳይ፣ በስደት ለቆየው ደግሞ የስደት ሜዳይ እንዲሰጥ አደረገ። በዚህ ላይ በዘመኑ የነበረው ሐሜት ብዙ ነው፤ ትናንት ለጠላት ያደረው ባንዳ ዛሬ ሹመት ሲያገኝ አርበኛው በደጅ ጥናት አለቀ የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ወሬውን በዚህ አንመዝነውም። እኛን ይልቅ የሚያስገርመን የመሬቱ ነገር ነው።

ለአርበኞች፣ ለስደተኞች፣ ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች መሬት ሲታደል መለኪያው ጋሻ ነበረ፤ አንድ ጋሻም 40 ሄክታር ያህል ይሆናል። ለጋስነት ነው። ነገር ግን መንግሥት መስጠት የሚችለው መንግሥት በእጁ የያዘውን መሬት ነው፤ እርሱም በአብዛኛው የሚገኘው በደቡብ ጠቅላይ ግዛቶች ነበር። በበጌምድርና በጎጃም መሬቱ በአብዛኛው የርስት ስለ ሆነ፣ በአባትና በእናት እየተቈጠረ የሚካፈሉት እንጂ ከላይ የሚታደል አልነበረም። ስለዚህ የጋይንቱ አርበኛ ስለ አገሩ የተዋጋበትን ዋጋ ሊቀበል ቢፈልግ አገሩን ለቅቆ መሄድ ነበረበት። በዚያም የሚቀበለው መሬት ባዶ ሜዳ አልነበረም፤ ሌላ ገበሬ ያርሰው ነበር። ሮማዊው ወታደር ረግረግና ጭንጫ ተሰጠኝ ብሎ ተቈጣ፤ የእኛው ባለ ጋሻ ደግሞ ለም መሬት ቢያገኝም በሌላ ሰው ላብ ላይ ጌታ ሆኖ ተቀመጠ። ይህን የምንለው አርበኛውን ለመውቀስ አይደለም። ዕዳችንን ከሌላ ሰው ኪስ መክፈላችንን ለማስታወስ ነው። የመሬት ላራሹ ጥያቄ ተነሥቶ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን ይህ ስጦታ ሁሉ አብሮ ቀረ።

በመካከሉ ሌላ ቃል ደርሶ ነበር፤ ጡረታ። የጡረታ ሕግ በ1953 ዓ.ም. በድንጋጌ፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በዐዋጅ ቍጥር 209 ሲወጣ ለመንግሥት ሠራተኛውና ለወታደሩ የእርጅና ዋስትና ሆነ። የፈረንሳይኛው ወይም የእንግሊዝኛው ስም ሳይገለበጥ የራሳችን ቃል መመረጡ ዘወትር ያስደስተናል፤ ከዚህ የበለጠ ቃል ሊገኝ አይችልም ነበርና። «ጦረ» ማለት ያረጀውን አበላ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት ነው። አሮጊቶች ሲመርቁን «ጧሪ ቀባሪ ይስጥህ» ይላሉ። ቬተራን የሚለው ስም የሚያመለክተው አንድን ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ያረጀው ነው። ጡረተኛ የሚለው ስም ግን ሁለት ሰዎችን ይጠራል፤ አንድ የሚጦር ካለ አንድ የሚጦረው መኖር አለበትና። ቃሉን ስንናገር ራሳችንንም ጠርተናል።

ሆኖም ይህም ስም የማይወደድበት ጊዜ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደዚያ አገር ለሥራ በወረድን ጊዜ በአንድ የወረዳ ከተማ አንድ ወጣት ጸሐፊ ቅጽ ሲያስሞላ አጠገቡ ተቀምጠን ነበር። ተራቸው የደረሰው ሰው ዘንጋቸውን ተደግፈው ቀረቡ። ጸሐፊው በትሕትና «አባቴ፣ ጡረተኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ።

«ኧረ ተው ልጄ! እኔ እስካሁን በሬ ጠምጄ አርሳለሁ። ማን ሲጦረኝ አየህ?»

«ወታደር ነበርሁ ስላሉኝ ነው አባቴ።»

«ነበርሁ። ሰባት ዓመት። እንግዲያስ እኔ ነኝ የጦርሁት።»

ጸሐፊው ሣቀ፤ እኛም ሣቅን። ሽማግሌው ግን ከልባቸው ነበር የተናገሩት። በሕጉ የጡረታ አበል የሚታሰበው ከአገልግሎት ዘመንና ከደመወዝ ነው፤ ሰባት ዓመት አንዱንም በር አያስከፍትም። በሽማግሌው ሒሳብ ግን ጧሪውና ተጧሪው ቦታ ተለዋውጠዋል፤ አገሪቱ በእርሳቸው ጕልበት የኖረች ከሆነ ስንቅ አቀባዩ እርሳቸው ናቸው። በዚያ ቅጽ ላይ የተጻፈላቸው «ገበሬ» የሚል ነበር። እርሱም ሐሰት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ይነሣብናል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። «ክብርና ጡረታ ለወታደር ሁሉ የሚገባ ከሆነ በመጥፎ ጦርነት የተዋጋስ? ወገኑን የገደለስ? ጎተራ የገለበጠስ? ይህ ሁሉ በአንድ ስም ይጠቃለላልን?» ጥያቄው በወረቀት ላይ የተፈጠረ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የታፈሰው ወጣት ወደ ኤርትራና ወደ ትግራይ ግንባር ሄዶ የተዋጋው ጦርነቱን መርጦ አይደለም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሠራዊቱ ፈረሰ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሚባል ተቋቁሞ ከ450,000 በላይ የሚሆኑ የደርግ ሠራዊት አባላትን ወደየቀዬአቸው መለሰ። የተሰጣቸውም ስም «የቀድሞ ሠራዊት» የሚል ነው። ይህን ስም ልብ ብለን እንመርምረው። ስለ ሥራ አይናገርም፤ ስለ ዕድሜም አይናገርም። የሚናገረው ስለ መንግሥት ነው። ሰውየው ቀድሞ የተባለው ስላረጀ አይደለም፤ ብዙዎቹ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበርና። ቀድሞ የሆነው ያዘዘው መንግሥት ነው፤ ስሙ ግን በታዛዡ ላይ ተለጠፈ።

ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ወታደርም ከዚህ አላመለጠም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ተራ በተራ ወደዚያ የሄዱት ከ6,000 በላይ ሲሆኑ ከ120 በላይ የሚሆኑት ወድቀዋል፤ አንድም ሰው ለጠላት አልተማረከም። ሲመለሱ ክብራቸው ታላቅ ነበረ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን አዲሱ መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ስለ ሆነ ያ ዘመቻ በአደባባይ የማይነገር ታሪክ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ደቡብ ኮሪያ በልጽጋ ሽማግሎቹን ፈልጋ ስትመጣ ክብራቸው ተመለሰ። ወታደሩ ያደረገው ነገር አንድም አልተጨመረም፤ አንድም አልተቀነሰም።

ቃሉን የሰጠችን ፈረንሳይ ራሷ ከዚህ ፈተና አልዳነችም። ከምዕራብ አፍሪካ ተሰብስበው ስለ እርሷ የተዋጉት ወታደሮች ከጀርመን ምርኮ ተመልሰው በዳካር አጠገብ በቲያሮይ ሠፈር ውዝፍ ደመወዛቸውን ሲጠይቁ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1944 በጥይት ተመቱ፤ መንግሥቱ ያመነው የሙታን ቍጥር 35 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 መጨረሻ ደግሞ ከቅኝ ግዛት ነጻ የሚወጡት አገሮች ተወላጆች የጡረታ አበል ባለበት እንዲቆም ተወሰነ። የፓሪሱ ወታደር አበል ከኑሮው ጋር እያደገ ሲሄድ የዳካሩ ወታደር ባለበት ቀረ። ይህ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አብዛኞቹ ሞተዋል። በአንድ ምሽግ የተኛ ሁሉ በሜዳ አንድ ስም ነበረው፤ በግምጃ ቤት ግን ሁለት ዋጋ ወጣለት።

እንግዲህ ለተከራካሪያችን የምንመልሰው ይህ ነው። ክብርና ጡረታ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሉዊ 14ኛ ቤት ሲሠራ፣ ሉዊ 15ኛም ምልክት ሲሰጥ ሳያስቡት ለይተውልናል። ክብር የሥራ ዋጋ ስለ ሆነ መመርመር ይገባዋል። አርበኛ የሚለው ስም ለባንዳ ከተሰጠ ስሙ ይሞታል። ወንጀል የሠራ ወታደርም እንደ ማንኛውም ሰው በዳኛ ፊት ይቁም፤ ያረጀ መሆኑ ከፍርድ አያድነውም። ጡረታ ግን ለሥራው መልካምነት የተሰጠ ሽልማት አይደለም። ሰውየው ጕልበቱን፣ ዓይኑን ወይም እግሩን የጨረሰው በሌሎች ትእዛዝ ነው፤ ያዘዘውም አገር ነው። አገር ደግሞ መንግሥቱ ቢለወጥ አዲስ ሰው ሆኖ አይወለድም። ከቀድሞው መንግሥት መሥሪያ ቤቱን፣ ድልድዩን፣ ትምህርት ቤቱን የወረሰ፣ አንካሳውንም አብሮ ወርሷል። ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚሄደውን፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩትን መንገድ «የቀድሞ መንገድ ነው» ብሎ የማይሄድበት ሰው አላየንም።

ይህ መልስ ሁሉንም እንደማይዘጋ እናውቃለን። በአንድ ግንባር ወዲያና ወዲህ ሆነው የተዋጉ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አበል ሲጠብቁ፣ የሟች እናት በዚያ በኩል ብታልፍ ምን ትላለች? እናቲቱ ዝም እንድትል የማዘዝ ሥልጣን የለንም። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ተርቦ ቢሞት ልጇ እንደማይነሣላት እርሷም ታውቃለች።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ገብቶ ነፋስ መውጫ በተያዘች ጊዜ፣ ነገሩ በአያቶቹ ዘመን ብቻ የቀረ አለመሆኑ ታየ። ያን ጊዜ የወጣው ሰው ሁሉ በደመወዝ መዝገብ የተጻፈ አልነበረም፤ ከእርሻው የተነሣ ገበሬም ነበረበት። ከዚያም ወዲህ አገሩ አላረፈም። ለቈሰለውና አካሉን ላጣው ምን ስም እንደሚወጣለት፣ በየትኛውስ ዓምድ እንደሚጻፍ ገና በክርክር ላይ ነው።

እስከዚያው ድረስ ሽማግሎቹ የሚገኙበት መዝገብ ሌላ ነው። ስማዳና ሁለቱ ጋይንቶች ድርቅ የሚደጋግማቸው ወረዳዎች ስለ ሆኑ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲሠራባቸው ቈይቷል። መሥራት የሚችለው እርከን እየሠራ ይከፈለዋል፤ የደከመውና ረዳት የሌለው ያለ ሥራ ይሰጠዋል፤ እርሱም «ቀጥታ ድጋፍ» ይባላል። መለኪያው የጕልበት ማጣት ነው፤ ጕልበቱ የት እንዳለቀ አይጠየቅም። ካራማራ ያለቀውም፣ ናቅፋ ያለቀውም፣ በማረሻ እርፍ ላይ ያለቀውም በአንድ ተራ ይሰለፋል።

ከመዝገቡ ውጭ ግን ሕዝቡ የራሱን ልማድ ይዟል። በዚያ አገር ከውትድርና የተመለሰ ሰው ሠራዊቱ ከፈረሰ ሠላሳ ዓመት ቢያልፈውም በእድርና በገበያ በማዕርጉ ይጠራል። «አሥር አለቃ፣ እንዴት አደሩ?» «ሃምሳ አለቃ፣ በሬው ተሻለው?» ይባላል። «የቀድሞ» የሚል አይጨመርበትም። ሚስቱም «የሃምሳ አለቃ ባለቤት» ናት፤ ሲሞትም ለቀብር ጥሩምባ ነፊው የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።